የዘመተው አልጋ

በያጇ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ሰፈሯ ስትደርስ አልጋዋ ከቤት ወጥቶ መንገድ ላይ ተቀበላት። ራስጌውና ግርጌው ተለያይተው፣ የጎን ብረቶቹ በገመድ ተጠፍረው፣ በእጅ ጋሪ ላይ ተጭኗል። ባለጋሪው ጎማውን ከጉድጓድ ለማውጣት ይታገላል፤ አማቷ ከኋላ ሆነው ይገፋሉ። አሮጊቷ ሻሻቸውን አስተካክለው አስረው፣ ለሰርግና ለልቅሶ ብቻ የሚያወጡትን ጫማ ተጫምተዋል። የተከበረ እንግዳ የሚሸኙ ይመስላሉ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ብረት ነዋ» አሉ አማቷ፣ መግፋታቸውን ሳያቆሙ። «ለአገር ብረት ይፈለጋል ተብሎ የለ? ሰጠሁ።»

«የምተኛበትን?»

«ፍራሹ አለልሽ። ፍራሽ አልጠየቁም።»

ጎማው ከጉድጓዱ ወጣ፤ ጋሪው ቁልቁለቱን ተንደረደረ። በያጇ መጮህ ትችል ነበር። መስኮቶች ተከፍተዋል፣ ጆሮዎች ቆመዋል፤ የሚሰማት አታጣም። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ በማሽን ጩኸት የደነቆረ ጆሮዋ የራሷን ጩኸት ሊጨምርበት አልፈለገም። ባሏ ከዘመተ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች የሚለዋወጡት ቃል በጣት የሚቆጠር ነው። «ውሃ መጥቷል።» «ዳቦ አልቋል።» «ስኳር በእጥፍ ጨምሯል።» «ደብዳቤ የለም።» ጠብ የላቸውም፤ ጠብ ቢኖራቸውማ ዕርቅም ይኖር ነበር። ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ናፍቆት ለሁለት የተሰጣቸው ይመስል፣ እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ከሌላው ደብቀው ይኖራሉ። አማቷ፣ ምራታቸው ፋብሪካ እንደምትሠራ ያውቃሉ፤ ማሸጊያ ክፍል ሆና ሳጥን የምትደረድር ነው የሚመስላቸው። መጀመሪያ የተቀጠረችው እዚያ ነበር። ወደ ብየዳ ክፍል ከተዛወረች ወራት አልፈዋል፤ አማቷ አልጠየቁም፣ እሷም አልተናገረችም።

ወደ ክፍሏ ገባች። አልጋው የነበረበት ቦታ ከቀሪው ወለል ይልቅ ጠቆር ብሎ፣ አራት የእግር ጉድጓዶች ይታዩበታል። ፍራሹ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጣውላዎቹ አጠገቡ ተደርድረዋል። ባሏ ያን አልጋ ሊጋቡ አንድ ወር ሲቀራቸው በገዛ እጁ ነበር የሠራው፤ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለችው የብየዳ ቤቱ፣ የደንበኛ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ ከትርፍራፊ የብረት ቱቦላሬ እየቆረጠ። ራስጌው ላይ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ ፌሮ አለው። «ቅጠል ላወጣለት ነበር፤ ሠርጉ ደረሰብኝ» ይል ነበር። ከዘመተ በኋላ ሌሊት ሠርታ ቀን ስትተኛ ያንን ቅጠል የሌለው ሐረግ በጣቷ እየተከተለች ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። አሁን ፍራሹን መሬት ዘርግታ መተኛት ትችላለች። ብዙ ሰው መሬት ነው የሚተኛው። ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ አለች፤ ክሩን ይዛ ትንሽ ቆየችና መልሳ አጠበቀችው።

ከጎረቤት ቤት ሬዲዮው በየቀኑ የሚለውን ይላል። የመንግሥት ተናጋሪው ድምፅ ረጋ ያለ፣ በደንብ የተመገበ ሰው ድምፅ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ሥራ ላይ ያልዋለ ማንኛውንም ብረት ለሰፈሩ ኮሚቴ እንዲያስረክብ ያሳስባል። «ሥራ ላይ ያልዋለ» አለች በያጇ ለባዶው ወለል። ወጣች።

የብረት መሰብሰቢያው የትምህርት ቤቱ ኳስ ሜዳ ነበር። ከአንዱ ጎል እስከ መሀል ሜዳ ድረስ የአንድ ሰፈር ኑሮ ተገልብጦ የተደፋ ይመስላል፦ የበረንዳ አጥር፣ የውሃ በርሜል፣ ጎማ የሌለው ብስክሌት፣ የልብስ ስፌት መኪና እግር፣ ታቹ የተቃጠለ ድስት፣ የመቃብር አጥር ነው ብለው ሰዎች የሚጠረጥሩት ነገርም ጭምር። ክምሩ አጠገብ ትልቅ ሚዛን ተተክሏል። ሚዛኑን የሚጠብቀው ጡረታ የወጣ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ፣ እያንዳንዱን ነገር እንደ እህል ነው የሚያየው። ከጀርባው ሰዎች ተሰልፈዋል። ከሰልፉ ፊት የኮሚቴው ሊቀመንበር ቆሟል። ሰፈሩ «ማይክራፎን» ነው የሚለው፤ ማይክራፎን ይዞ ስለማያውቅና መያዝም ስለማያስፈልገው።

«ጋሼ» አለችው፣ «አልጋዬ በስህተት መጥቷል።»

«በስህተት!» ማይክራፎን ለሜዳው ሁሉ አሰማ። «ብረቱ ሁሉ በስህተት ቢመጣልኝ እንዴት ደስ ባለኝ! አማትሽኮ እያለቀሱ አይደለም የሰጡት፤ ደረታቸውን ነፍተው ነው። ለሕዝቡ ምሳሌ አድርጌ አቀረብኳቸው፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። አሁን ምን ልበል? ጭብጨባችሁን መልሱ ልበል?»

«አዋጁ የሚለው ሥራ ላይ ያልዋለ ብረት ነው። እኔ የምተኛበት ነው።»

«ባልሽ ግንባር አይደለም እንዴ? እንግዲያው ግማሹ ሥራ ፈቷል!»

ሰልፉ ሳቀ። በያጇም ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ይህን ቀልድ ራሷ ለራሷ ስንቴ እንደቀለደችው ማንም አያውቅም። «እሺ፣ ግማሹን ይውሰዱና የኔን ግማሽ ይስጡኝ» አለች። ሳቁ ወደ እሷ ዞረ። ያን ጊዜ ከሰልፉ መሀል አንዲት የባልዲ እጀታዎች የታቀፈች ሴት «የሱ በርስ?» ብላ ጮኸች። «የኛን ድስት ሳይቀር ሲለቅም፣ የራሱን ያን የሚያክል የብረት በር ታቅፎ ተቀምጧል! ወይስ የሊቀመንበር ብረት አይቀልጥም?»

 ማይክራፎን «የኔ በር ጉዳዩ ሌላ ነው» ያለው በዝቅተኛ ድምፅ ስለነበር፣ ሰዎች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን ለመስማት አንገታቸውን አሰገጉ። ከዚያ ፊቱን ወደ በያጇ መልሶ፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት የፈለገ ሰው ፍጥነት ይዞ፣ «ሚዛኑ የሚያውቀው ክብደት ነው። ከሰዓት በኋላ ብረቱን የሚወስደው መኪና ሳይመጣ ያልጋውን ያህል ብረት ካመጣሽ፣ አልጋሽን ውሰጂ» አላት። የሚዛን ጠባቂውም ራሱን ነቅንቆ መስማማቱን ገለጸ።

የት እንደምትሄድ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀባትም። ከሜዳው ወጥታ ዳቦ ቤቱ ጋ ደረሰች። ዳቦው እንደ ትናንቱ ነው፤ ዋጋው ግን እንደ ትናንቱ አይደለም። ሁለት ገዝታ አንዱን እየገመጠች ወደ ማይክራፎን ቤት የሚወስደውን መንገድ ተያያዘችው። በሩን ከሩቅ አየችው። በሙያዋ ዓይን ለካችው፦ ወፍራም ላሜራ፣ ድርብ ፍሬም፣ ላይና ታች መቀርቀሪያ። ባሏ ቢያየው «ይሄ ለሰው ነው ለዝሆን?» ይል ነበር። ይዛው የመጣችውን ንግግርም አዘጋጅታ ጨርሳለች። ጮክ ብላ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «ኪሎ በኪሎ ባለው መሠረት በሩን ልወስድ ነው የመጣሁት» ልትል ነው። አንኳኳች።

በሩ በጭንቅ የክንድ ስፋት ያህል ተከፈተ። የማይክራፎን ሚስት አንድ እግሯን ከበሩ ኋላ ደግፋ ብቅ አለች። ከብብቷ ሥር ሌላ ፊት ብቅ አለ፦ ፀጉራቸው በደንብ የተበጠረ፣ የእጅ ቦርሳ ያንጠለጠሉ አሮጊት። «እለፊልኝ ልጄ፣ አውቶቡሱ ሊሄድብኝ ነው» አሉና ሊሾልኩ ሞከሩ። ሚስትየው በትከሻዋ እንደ መግፋትም እንደ ማቀፍም አድርጋ መለሰቻቸው።

«እናቱ ናቸው» አለች፣ በያጇ ሳትጠይቃት። «የአየር ጥቃት ደወል መጮህ ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ሆነዋል። በጮኸ ቁጥር ይወጣሉ። ያለፈው ጊዜ ባቡር ሐዲድ ላይ ነው ያገኘናቸው። የድሮውን በር በአንድ ግፊት ነው የገነጠሉት፤ ጉልበታቸው አላረጀም። ይሄኛው ብቻ ነው የሚይዛቸው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሰፈሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ ናቸው። ሰው እንዲያውቅባቸው አይፈልግም። ከሚስቁባቸው እኔን ይስደቡኝ ነው የሚለው።»

በያጇ ያዘጋጀችው ንግግር አፏ ውስጥ ቀረ። ያልተነካውን ዳቦ አውጥታ ለአሮጊቷ ሰጠቻቸው፤ አሮጊቷም «ዝናብ ሳይመጣ ወደ ቤትሽ ግቢ» ብለው መከሯት። በሩ ተዘጋ። መንገዱ ላይ ብቻዋን ቆመች። ዞራ መሄድ ትችላለች፤ አልጋው ይቅለጥ፤ አንዲት ሴት መሬት በመተኛቷ ጦርነት አይሸነፍም። ይሁንና ዓይኗ ከበሩ አልተነሳ አለ። አሮጊቷን የሚይዛቸው በር ያስፈልጋል። በር ግን የግድ ብረት መሆን የለበትም። አሮጊቷ ገፍተው የገነጠሉት የድሮ በር ማጠፊያው ቢላላ ነው፤ ጣውላውን ደርቦ፣ በአግድም በሁለት ወፍራም ጣውላ አስሮ፣ መቀርቀሪያውን በውጭ በኩል ላደረገ ሰው ዝሆንም አይወጣም። እንደገና አንኳኳች።

«ሜትር አለሽ?» አለቻት ሚስትየውን።

ጣውላው ከራሷ ግቢ ነው የመጣው። ፋብሪካው የተሰበሩ የዕቃ ሳጥኖችን ለሠራተኞቹ ለማገዶ በርካሽ ይሸጣል፤ እሷም ለክረምቱ ያስቀመጠችው ክምር ነበራት። በጋሪ አስጭና ስትመለስ አማቷ ከበረንዳው ሆነው አዩዋት። ማይክራፎን ለምሳ ወደ ቤቱ ሲመጣ በሩ ላይ አንዲት ሴት መጋዝ ይዛ ተንበርክካ አገኘ። መጀመሪያ ገነፈለ። «ገመናዬን ልታወጪ ነው? ማን ነው እዚህ የላከሽ?» አለ። እሷ ጣውላውን መቁረጧን ሳታቆም «ይቺን ይያዙልኝ» አለችው። ያዘላት። አንድን ነገር ሁለት እጁን አስይዘውት የሚጮህ ሰው እምብዛም የለም። ትንሽ ቆይቶ ምስማር በአፉ ይዞ እያቀበላት ነበር፤ ከውስጥ እናቱ መጥተው «ልጄ፣ ምስማር በአፍ አይያዝም፤ ስንቴ ልንገርህ» ሲሉት ምስማሩን አንድ በአንድ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ። «እሺ እማዬ» አለ። ሰፈሩ ይህን ድምፁን ሰምቶት አያውቅም።

አዲሱ በር ቆንጆ አልነበረም። የሳጥኖቹ ጽሑፎች ተገልብጠው፣ «በጥንቃቄ ይያዝ» የሚለው በመግቢያው በኩል ቀርቷል። አሮጊቷ ገፉት፤ አልተከፈተም። ደግመው ገፉትና «የዛሬው አውቶቡስ አልፏል ማለት ነው» ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አስቀድመው ከማጠፊያው የነቀሉትን የብረት በር ለሦስት አንስተው ጋሪው ላይ አጋደሙት። ማይክራፎን ራሱ ነው የገፋው። ሰው ከየቤቱ እየወጣ ያየዋል። ንግግር የሚጠብቁ ነበሩ፤ እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ ላቡን በክርኑ እየጠረገ፣ ያለ አንድ ቃል አለፈ። አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌላው ተከተለ።

«ተርፎልሻል» አላት የሚዛን ጠባቂው በሩን መዝኖ። «በትርፉ ሊቀመንበሩንም ውሰጂው።» ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «አልጋውን ግን… እንዳትቆጪ። የመኪናው ጭነት ቦታ አጭር ነው ተብሎ ረጃጅሙን ሁሉ ሲቆርጡ…»

ሁለቱም የጎን ብረቶች ከወገባቸው ተቆርጠዋል። የራስጌው አንድ እግርም የለም፤ ከክምሩ ሥር ፈልገው አገኙት። በያጇ የተቆረጠውን አፍ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ቆራጩ ቸኩሏል፤ ጠርዙ ሻካራ ነው። የሚዛን ጠባቂው ልታለቅስ ነው ብሎ ወደ ሌላ በኩል ዞረላት። እሷ ግን የምታስበው ብየዳው የትኛውን ቁጥር ኤሌክትሮድ እንደሚፈልግ ነበር።

አማቷ ጋሪው ሲገባ ከበረንዳው ተነሱ። «ለአገር የሰጠሁትን መልሰሽ አመጣሽብኝ?» አሉ።  «ሰው አጨብጭቦልኝ! በምን ዓይኔ ነው ሰፈር የምወጣው?»

«በክብደቱ ሌላ ብረት ገብቷል እማማ። ያገር ነገር አልጎደለም።» ቁርጥራጩን አንድ በአንድ አወረደች። «የብየዳ ቤቱን ቁልፍ ይስጡኝ። መብራት ሳይጠፋ ልበይደው።»

መብራት በዚያ ሰፈር ከሰዓት በኋላ ይመጣና ከመጨለሙ በፊት ይሄዳል። የብየዳ ቤቱ ግን ባሏ ከዘጋው ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም፤ ቁልፉ ያለው አማቷ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ነው። እጃቸው ወዲያው ወደ ኪሳቸው ሄደ፤ ለመስጠት ሳይሆን ለመሸፈን።

«የልጄን ማሽን ማንም አይነካም። ሳጥን እንደ መደርደር መሰለሽ? ያቃጥልሻል።»

በያጇ የእጅጌዋን ቁልፍ ፈታችና ክንዷን ዘረጋች። ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ድረስ የእሳት ፍንጣሪ ነካክቷታል፤ ያረጀውም፣ ትናንት የነካውም። ፋብሪካው በር ላይ በትልቁ «የምትሠራውን ለማንም አትናገር» የሚል ተለጥፏል። እስከዛሬ አክብራዋለች። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ግን ጠላትን አስቦ እንጂ አማትን አስቦ እንዳልጻፈው ገመተች፤ ምንም እንኳ ዛሬ ጠዋት ልዩነቱ ትንሽ ቢምታታባትም።

«ማሸጊያ ክፍል አይደለሁም» አለች። «የጭነት መኪና በር ላይ ላሜራ እበይዳለሁ። ጥይት እንዳይበሳው። ወደ ግንባር ነው የሚሄደው፤ እሱ የሚሳፈርበትም እንዲህ ዓይነቱ መኪና ነው።»

አማቷ ክንዷን አዩት። ከዚያ የበረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ፤ የክት ጫማቸው አቧራ ለብሷል።

«እኔ ደግሞ…» አሉና አቆሙ። ዓይናቸው የተቆረጠው ራስጌ ላይ ነበር። «የማንም ድስት፣ የማንም አጥር ቀልጦ ነው ወደሱ የሚሄደው። የማያውቁት ብረት። ይሄ ግን እጁን ያውቀዋል። ከዚህ አንዲት ምስማር የምታህል እንኳ አጠገቡ ብትደርስ ትጠብቀዋለች ብዬ ነው። እብደት ነው፤ አውቃለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ትስቂብኛለሽ ብዬ ነዋ። አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አትናገሩ ተብለናል።»

«ለእናቱም?»

በያጇ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጋሪው ሄዷል፤ መንገዱ ላይ የሚያልፍ ሰው የለም። አሮጊቷ የምራታቸውን ክንድ ይዘው፣ ጠባሳዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ፤ ጎደለ ተረፈ ብሎ እንደሚቆጥር ሰው። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና መዳፏ ላይ አስቀመጡት።

የብየዳ ቤቱ የአቧራና የዘይት ሽታ አለው። የሥራ ካፖርቱ ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው። ማሽኑ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ ድምፁን አስተካከለ። በያጇ የባሏን መከላከያ መስታወት ለአማቷ ሰጠች፤ የፋብሪካዋን ራሷ አጠለቀች። «በባዶ ዓይን እንዳያዩት» አለች። የመጀመሪያው ብልጭታ ሲፈነጠር አሮጊቷ ደንግጠው አንድ እርምጃ አፈገፈጉ፣ መልሰው ደግሞ ሁለት እርምጃ ቀረቡ። ጎኖቹ ተጋጠሙ፤ እግሩ ቦታው ገባ። አማቷ ትኩስ የሆነውን ስፌት ሊነኩ እጃቸውን ሲሰዱ «ይፋጃል!» ብላ ያዘቻቸው፤ እጃቸውን እንደያዘችም ጠበቁ።

ሲበርድ ጎን ለጎን አዩት። የባሏ ብየዳ ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ የእሷ ወፍራምና ጎርባጣ።

«የሱ ያምራል» አሉ አማቷ። ሐቀኛ ሴት ናቸው።

«ያምራል።»

«የአንቺ ግን ጠንካራ ይመስላል።»

«ለመኪና በር እንዲህ ያለው ነው የሚፈለገው።»

አማቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልጋውን ለሁለት ተሸክመው አስገቡት፤ ጣውላውን ደረደሩ፤ ፍራሹን ጣሉበት። ወደ ፈረቃዋ ልትሄድ ትንሽ ሰዓት ብቻ ቀርቷት ነበር። አሮጊቷ አንሶላውን አነጠፉ፣ ጠርዙን ከፍራሹ ሥር አስገቡ፣ «ተኚ» አሏት። «ደክሞሽ የሰው ልጅ የሚሳፈርበትን መኪና ታበላሺብናለሽ። በሰዓቱ እቀሰቅስሻለሁ።» ጫማዋን እንኳ ራሷ አላወለቀችም።

አማቷ ወንበር ይዘው በሩ ላይ ተቀመጡ። ኳስ የሚያንከባልሉ ልጆች በዝምታ እንዲያልፉ አደረጉ። አመሻሹ ላይ የባልዲ እጀታዎቹን ያስረከበችው ሴት ስታልፍ ቆም አለች፤ ያልጋውን መመለስ ሰምታለች፣ ዝርዝሩን ፈልጋለች። «እማማ፣ እዚህ በር ላይ ምን ይሠራሉ?»

«ልጄ ተኝታለች» አሉ አሮጊቷ። «ማታ ሥራ አለባት።»

«ምን ሥራ ነው ይሄን ያህል?»

አሮጊቷ ሴትዮዋን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ፊታቸው ላይ፣ ልጃቸው ከዘመተ ወዲህ ያልታየ ኩራት መጣ።

«እሱ አይነገርም» አሉ።